የልቡን ተናግረን የአእምሮውን ደበቅን

ወንድሜ ሲወለድ ከሃያ ሁለተኛው ክሮሞሶሙ ላይ አንዲት ቁራጭ ጎድላ ነበር። ከዚያች ጉድለት የተነሣ ልቡ ክፍተት ነበረው፤ ላንቃው በደንብ አይዘጋም፤ ደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ያንሳል፤ ሒሳብ አይገባውም፤ ሲጎረምስ ጭንቀት ያዘው፤ ሃያዎቹን ሲጀምር ደግሞ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ጀመር። የሁሉም ምንጭ አንድ ነው። እኛ ቤት ግን እነዚህ ሕመሞች የሚነገርና የማይነገር ተብለው ለሁለት ተከፍለው ኖሩ። የልቡን ነገር ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ሁሉ ነግረናል። የድምፁን ግን ከሐኪም በቀር ለማንም አልተነፈስንም። ይህ ክፍፍል ምን እንዳስከፈለንና ማን እንዳፈረሰው ልናገር።

የምንኖረው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው። ወንድሜ የተወለደው ግን አዲስ አበባ ነው። ጡት ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለስ ነበር። ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል። አፉን ሲፈታ ድምፁ በአፍንጫው በኩል ስለሚወጣ የሰፈር ልጆች እየተከተሉ ያሾፉበት ነበር። ጆሮው መግል ይቋጥራል፤ ጉንፋን ከቤታችን አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ችግር የየራሱ ምክንያት ተገኝቶለት ነበር። የከንፈሩ መጥቆር ከልቡ ነው፤ ጆሮውን ብርድ መቶት ነው፤ አነጋገሩ ደግሞ ሲያድግ ይተወዋል። አንድም ሰው እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጦ አላያቸውም።

ካናዳ ከመጣን በኋላ ልቡ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። ሐኪሞቹ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚሉት ዓይነት የልብ ችግር ነበር። ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ቤታችን ሰው አልጠፋበትም። አጥሚት በቴርሞስ ይመጣል፤ ዶሮው ከነድስቱ ይመጣል፤ እማዬን አስቀምጠው ዕቃ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። የእማዬ የጥዋ ማኅበር አባት ሳይቀሩ መጥተው ጸሎት አድርሰው ሄደዋል። ወንድሜ ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ሸሚዙን ከፍቶ ለመጣው ሁሉ ያሳይ ነበር። የሚያሳፍር ሕመም እንዳለ ያኔ የነገረው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከልብ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ምክንያቱም ሲያዩት ችግር አይመስልም። ወንድሜ አንደበተ ርቱዕ ነው። ዳዊት ሲደግም ሰምቶ የማይደነቅ አልነበረም፤ ሰላምታው የተሟላ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ነገር ግን አምስት ዶላር ሰጥቼ ዳቦ ግዛ ብለው መልሱን መቁጠር አይችልም። ሰዓት ማንበብ ዓመታት ፈጀበት። ሁለት ጊዜ የሄደበት መንገድ በሦስተኛው ይጠፋበታል። አንድ ታሪክ አንብቦ ቃል በቃል ይነግርሃል፤ ሰውዬው ለምን እንደዚያ አደረገ ስትለው ግን ዝም ይላል። ይህ የጉድለቱ የታወቀ መልክ ነው። ብዙዎቹ ልጆች በንግግር የሚሻሉትን ያህል በሒሳብ፣ በአቅጣጫ፣ ነገርን ከነገር በማገናኘት ይደክማሉ። አንደበቱን የሰማ አስተማሪ አእምሮውም እንደዚያው ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ያላገኘ እንደሆነ "ሰነፍ ነው" ይላል። ወንድሜ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ኋላ ላይ የመጣው ድምፅም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

ምስጢሩ የተፈታው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ በፊት "ጣቴን ይወረኛል፣ ከንፈሬን ይወረኛል" ይል ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ከጆሮው ፊት ለፊት ያለውን የጉንጩን ክፍል በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ መታ አደረገችው። የአፉ ጥግ ብቻውን ፈንጠር አለ። ደግማ መታች፤ ደግሞ ፈነጠረ። "ካልሲየሙ ወርዷል" አለች፣ የደሙ ውጤት ገና ሳይመጣ። ካልሲየም ሲያንስ ነርቭ በትንሹ ይደነግጣል፤ ሲብስበት ሰውን ይጥላል። ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አንገት ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው፤ የእሱ ዕጢዎች ሲፈጠሩ ጀምሮ ደካሞች ነበሩ። ሐኪሟ የልቡን ጠባሳ አየች፤ ሲናገር በአፍንጫው እንደሆነ ሰማች፤ ስለ ትምህርቱ ጠየቀች። ከዚያ ደሙ ለዘረመል ምርመራ ተላከ።

ውጤቱ 22ኪው11.2 ዲሊሽን ሲንድረም የሚል ነበር፤ ብዙ ሰው ዲጆርጅ ሲንድረም በሚለው ስም ያውቀዋል። በግምት ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱ ላይ ይገኛል። በአብዛኞቹ የሚጎድለው ቁራጭ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት ከ40 በላይ ጂኖችን ይዞ ይሄዳል። እንዲህም ሆኖ በተለመደው የክሮሞሶም ምርመራ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የተለየ ምርመራ ይፈልጋል።

እማዬ ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምን አጥፍቼ ነው?" የሚል ነበር። እሱን አርግዛ ቀትር ላይ ወንዝ ተሻግራለች፤ እዚያ እንደተለከፈች ለዓመታት በልቧ ይዛ ኖራለች። የዘረመል አማካሪዋ የነገረቻትን እኔ እያስተረጎምኩ ሳለሁ ትዝ ያለኝ ብራና የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊዎች ነገር ነው። ጸሐፊው አንድ ዓይነት ሐረግ ሁለት ቦታ ላይ ካለ፣ የመጀመሪያውን ጽፎ ቀና ብሎ ሲመለስ ዓይኑ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል። ክሮሞሶም 22 ላይ በዚህ አካባቢ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ድግግሞሾች አሉ። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ እነዚህ ድግግሞሾች ይምታታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ይዘለላል። ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ እንዲህ ባለ አዲስ ስሕተት የሚመጣ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። እማዬም አባቴም ተመረመሩ፤ ሁለቱም ዘንድ የለም። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አጥፋ ከተተችው። ስለ ወንዙ ከዚያ በኋላ አንሥታ አታውቅም።

ስለ በሽታው ማንበብ ስጀምር አንድ ነገር ገረመኝ። እኛ ብቻ አይደለንም አካሉን ከፋፍለን ያየነው፤ ሕክምናውም ራሱ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ፕራግ ውስጥ ኤቫ ሴድላችኮቫ የተባሉ ሐኪም በአፍንጫቸው የሚናገሩ ልጆችን አስተውለው ጻፉ። በ1965 አሜሪካዊው አንጄሎ ዲጆርጅ የቲመስና የፓራታይሮይድ ዕጢ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናትን ገለጹ። በ1978 ሮበርት ሽፕሪንትዘን ላንቃ፣ ልብና የፊት ገጽታ አብረው የሚታመሙባቸውን ልጆች ሌላ ስም ሰጥተው አቀረቡ። ጃፓን ውስጥም ስለ ልብ ያጠኑ ሐኪሞች የራሳቸውን ስም አወጡ። እያንዳንዱ ሐኪም የገባው በራሱ በር ነው፤ የአንደበቱ በአንደበት፣ የልቡ በልብ። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ያው አንድ ቁራጭ የጎደላቸው መሆኑ የታወቀው የዘረመል ምርመራው ከመጣ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የአእምሮው ነገር ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ገባ። ሽፕሪንትዘን በልጅነታቸው የሚያውቋቸው ታካሚዎች ሲያድጉ አንዳንዶቹ ከእውነታው መለያየት እንደጀመሩ በ1992 ጻፉ። በ1999 ብሪታንያ ውስጥ 50 አዋቂዎችን የመረመሩ ሐኪሞች 12ቱ ላይ ስኪዞፍሬንያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶችም እዚያው አካባቢ ቆሙ፤ ጉድለቱ ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል በሕይወቱ ስኪዞፍሬንያ ወይም እሱን የመሰለ ሕመም ይይዘዋል። በሌላው ሕዝብ ዘንድ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ከዚህ በፊት የሚመጡትም አሉ። ጭንቀት ከሁሉ ይበዛል፤ ትኩረት ማጣትና ኦቲዝምም በርከት ብለው ይታያሉ። ከጎደሉት ጂኖች አንዱ ዶፓሚን የሚባለውን የአእምሮ ኬሚካል ለመሰባበር የሚያገለግል ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጂን ማሳበብ አልተቻለም።

ሌላ የጠቀመኝ እውቀት ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ሲንድረም በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት የፊት ፎቶግራፎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የነጭ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፊላደልፊያ ያሉ ሐኪሞች አፍሪካ አሜሪካውያን ታካሚዎቻቸውን መርምረው፣ የተለመደው የፊት ምልክት በእነሱ ላይ ያን ያህል ጎልቶ እንደማይታይና በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ሳይታወቁ እየቀሩ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። የወንድሜን ፊት ያየ ሐኪም ሁሉ ለምን ምንም እንዳልጠረጠረ ያኔ በከፊል ገባኝ። በእኛ ልጆች ላይ ፊትን ከማየት ይልቅ ታሪኩን መጠየቅ ይሻላል፦ ልቡ፣ ላንቃው፣ ጆሮው፣ ካልሲየሙ፣ ትምህርቱ።

"ከአራት አንድ" የሚለውን ቁጥር ከሰማሁ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ መናገር አይቀለኝም። ሦስቱ ደህና ናቸው ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን አንዱ ነው። ወንድሜ ዘግይቶ ሲነሣ፣ ብቻውን ሲስቅ፣ ስልክ ሳይመልስ ሲቀር ልቤ ይንሸራተታል። አንድ ቀን "እትዬ፣ ስታዪኝ ታስፈሪኛለሽ" አለኝ። እንዲህ ያለ ዓይን ራሱን የቻለ ጭንቀት እንደሚፈጥር የአእምሮ ሐኪሙም በኋላ ነገሩኝ። ሐኪሞች የሚመክሩት ሌላ ዓይነት ክትትል ነው፦ ዓመት ጠብቆ መጠየቅ፣ ከዓመት ዓመት የሚለወጠውን መመዝገብ። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ኋላ ሕመሙ የሚይዛቸው ልጆች የቋንቋ ችሎታቸው ቀደም ብሎ፣ ከዓመታት በፊት መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አንደበተ ርቱዕ የነበረ ልጅ ቃል እያነሰው ሲሄድ ትርጉም አለው።

ወንድሜ ላይ የመጣውም እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች አንዱ ውስጥ እንጀራ በፕላስቲክ እያሸገ ይሠራ ነበር። ገንዘብ መቀበያው ላይ አያስቀምጡትም፤ ደንበኛ ማጫወት ግን የሚችለው አልነበረም። ቀስ በቀስ ጨዋታው ቀነሰ። ሥራ መሄድ ተወ። የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነው። በመጨረሻ ደንበኞቹ ስሙን እየጠሩ እንደሚያወሩበት፣ ቤትም ገብተው እንደሚያወሩበት ነገረኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የተሰማኝ ዕፎይታ ነው። ጥበቃው አለቀ። ከሐዘኑ በፊት የመጣው ዕፎይታ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንሄድ እኔ ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ቃል ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙ ግን ከታች ነው የጀመሩት። መጀመሪያ ካልሲየም፤ ዝቅ ሲል ብስጭትና ጭንቀትም ያመጣልና። በእርግጥም ወርዶ ነበር፤ ወንድሜ ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲውን መዋጥ ትቷል። ቀጥሎ ማግኒዥየም፣ ታይሮይድ። ከዚያ ጆሮ፤ ግማሹን የሚሰማ ሰው የጎደለውን በራሱ ይሞላልና። እንቅልፉ፣ ቡናው፣ የሚያጨሰው ነገር እንዳለ። የሚጥል በሽታ መኖሩን ለማየት የአእምሮ ሞገድ ምርመራ። ካልሲየሙ ሲስተካከል ብስጭቱ በረደ። ድምፁ ግን ቀረ። ያኔ ብቻ ነው ስሙ የተነገረን። ከዚያ ቀን ያገኘሁት ትምህርት እስከ ዛሬ ያገለግለኛል። ምርመራው የሰጠን ስም የሚጠቅመው በየትኛው ቅደም ተከተል መጠየቅ እንዳለብን ስለሚነግረን ነው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ከደሙ ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ቤት ስንመለስ ግን ያ ቅደም ተከተል በር ላይ ቀረ። ሰው ሲጠይቅ "ካልሲየም አነሰው" እንላለን። ውሸት አይደለም። ለሚበረታ ጠያቂ "ነርቭ ነው" እንላለን፤ ሐበሻ መካከል ይህ ቃል ጥያቄ ይዘጋል። እማዬ ጥዋ መሄድ ተወች፤ ተራዋ ሲደርስም "አልተመቸኝም" አለች። ልቡ ሲታመም አጥሚት ይዘው የመጡት ሴቶች ቤታቸው እዚያው ነው፤ እኛ ግን በር ዘግተን ቁጭ ብለናል። እማዬ ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት ተነሥታ ጸሎት ታደርሳለች፤ እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ እሱን ክሊኒክ የሚወስድ ሰው ሲጠፋ ቀጠሮ ይሰረዛል። እንጦጦ ማርያም ጠበል እንወስድሃለን ትላለች እማዬ፤ እሱ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው ይላል። እዚህ ካለው ቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል ከክኒኑ ጋር ታጠጣው ነበር። እኔም አልከለከልኳትም፤ ክኒኑ እስከተዋጠ ድረስ የምን ውኃ እንደሆነ ሐኪሙም ግድ አልነበራቸውም።

ይህን በር የከፈተው ወንድሜ ራሱ ነው። ለፋሲካ ቤታችን የመጡ አንዲት የማኅበሩ እናት ጉንጩን ስመው "ልጄ፣ ካልሲየሙስ ተስተካከለልህ?" አሉት።

"ካልሲየሙ ደህና ነው እማማ" አላቸው፤ "ያስቸገረኝ ድምፁ ነው።"

እማዬ የያዘችው ሲኒ ረከቦቱ ላይ ገጭ አለ። እኔ ወሬ ለመቀየር ስሯሯጥ ሴትየዋ ወንበራቸውን አስጠግተው "ምን ይልሃል?" አሉት። "ሰነፍ ይለኛል።" "ሌሊት ነው ቀን?" "ሌሊት ይብሳል።" ትንሽ ዝም አሉና ወደ እማዬ ዞረው "ሐኪም ቤት ማን ነው የሚወስደው?" ብለው ጠየቁ።

ወንድሜ ደፋር ስለሆነ አይደለም እንዲያ የተናገረው። እሱ ዘንድ ልብ፣ ካልሲየምና ድምፅ በአንድ ቀጠሮ የሚጠየቁ፣ በአንድ የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ የሚያድሩ ነገሮች ናቸው። የትኛው እንደሚያሳፍር ያስተማርነው እኛ ነን፤ ትምህርቱ ደግሞ እንደ ሒሳቡ አልገባውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት የተዉ አሉ። በስልክ "ያለበት ነገር ይፈታ" እያሉ አጥማቂ የሚጠቁሙን አሉ። ነገር ግን ሌላም ሆነ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልበቃ ሲለው ክሎዛፒን ተጀመረለት። ክሎዛፒን ነጭ የደም ሴልን ሊቀንስ ስለሚችል ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሳምንቱ ደም ይመረመራል። ታክሲ የሚነዱ አንድ የማኅበሩ አባወራ ማክሰኞ ማክሰኞ በራችን ላይ ጡሩምባ ያሰማሉ። ወንድሜ ወርዶ ይገባል፤ ደሙን ሰጥቶ ይመለሳል። አንድም ቀን ገንዘብ አልተቀበሉም። ድምፁን ደብቀን ቢሆን ይህ ጡሩምባ አይኖርም ነበር፤ የሳምንቱ ምርመራም ሲቋረጥ መድኃኒቱ ይቋረጣል።

በሕክምናውም በኩል ዕድለኞች ነን። ቶሮንቶ ይህ ጉድለት ላለባቸው አዋቂዎች የተለየ ክሊኒክ ካላቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት፤ በዶክተር አን ባሴት የተመራው የዚህ ከተማ ቡድን ብዙውን ነገር ያስተማረ ነው። ክሎዛፒን እነዚህን ታካሚዎች ከተለመደው ባነሰ መጠን እንደሚረዳ፣ ነገር ግን የሚጥል በሽታ የማስነሣት አደጋው እንደሚበዛ በ2015 የጻፉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ መጠኑ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ካልሲየሙ እንዳይወርድም ይጠበቃል። በ2013 ደግሞ ይኸው ጉድለት ፓርኪንሰን የተባለውን የእንቅስቃሴ ሕመም ከተለመደው ዕድሜ ቀድሞ፣ ከ50 ዓመት በታች ሊያመጣ እንደሚችል አሳዩ። ለዚህ ነው የወንድሜ እጅ ሲንቀጠቀጥ "የመድኃኒቱ ነው" ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ያላገኘነው። መንቀጥቀጡ ከካልሲየም፣ ከመድኃኒት ወይም ከበሽታው ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ይጠየቃሉ።

ጾሙንም በግልጽ ተነጋገርንበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተትና አይብ ለሁለት ወር ያህል ከቤታችን ይወጣል። ወንድሜ መጾም ይወዳል። የንስሐ አባቱ ክኒኑን በሰዓቱ እንዲውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ እንዳይቆይ አዘዙት። ሐኪሙ ደግሞ ምግብ ብቻውን እንደማይበቃው፣ ዕጢው ስለደከመ ክኒኑ የግድ እንደሆነ፣ ከመጠን በላይ ከሆነም ኩላሊት ላይ ጠጠር ሊሠራ እንደሚችል ነገሩን። ቡናውም ተቀነሰ፤ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያባብሳልና። አሁን አቦሉን ይጠጣል፤ ሁለተኛና በረካው ሲቀርብ ሲኒውን ደፍቶ ያስቀምጣል። እንግዳ "ምነው?" ሲለው "ሐኪሜ ከልክሎኝ" ይላል፤ የትኛው ሐኪም ሲሉት "የአእምሮው" ይላል።

አንድ ጊዜ የዘረመል አማካሪዋን ራሱ ጠየቃት። ማግባት እንደሚፈልግ፣ ልጁም ይህ ይኖርበት እንደሆነ። ቁጥር እንደማይገባው ስለምታውቅ ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። በእያንዳንዱ ልጅ እንደዚህ ነው አለችው፤ አንደኛው ፊት ይወርሳል፣ ሌላኛው አይወርስም። የሚወርሰው ልጅ ከአባቱ ይቅለለው ይባስበት አስቀድሞ አይታወቅም። ወንድሜ ሳንቲሙን ደጋግሞ ገለባበጠውና "ሰው ይስቅበታል?" አላት። አማካሪዋ መልስ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም። ያን ጥያቄ የሚመልሰው ዘረመል አይደለም፤ ልጁ የሚያድግበት ሰፈር ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ነው። ልቡ ክፍተት የነበረው፣ በአፍንጫው የሚናገር፣ ሲናገር አዋቂ ሲመስል መልስ መቁጠር የሚያቅተው ልጅ ካላችሁ፣ የክሮሞሶም 22 ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ታውቆ ከሆነም ካልሲየሙን በጉርምስና፣ ቀዶ ሕክምና ሲኖር፣ ሴት ልጅ ከሆነችም በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ አስመርምሩ። ጭንቀቱን አመል ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ይታከማል። ከአራት አንዱ የእናንተ ልጅ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቶቹ ሌላውን ሰው እንደሚረዱት እሱንም እንደሚረዱት እወቁ፤ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ ተብሎ መጨመር ብቻ ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ለልቡ ያለቀሳችሁለትን ሰው ለአእምሮው ዝም አትበሉበት። ወንድሜ ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሱቁ ለግማሽ ቀን ተመልሷል። ስለ ጤናው የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ከልቡ ጀምሬ እስከ ድምፁ ድረስ እነግረዋለሁ። የሚሸሽ ይሽሽ፤ የሚቀረው ሰው ማክሰኞ ጠዋት ስንት ሰዓት መምጣት እንዳለበት ያውቃል።